ስክሪኑ የት ይቀመጥ?

ይህ ጨዋታ የተካሄደው ኤላት ውስጥ ነው፤ ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል በሚያልቅበት ጫፍ፣ ከአንድ ፎቅ ምድር ቤት። አንደኛው ተናጋሪ በወጣትነታቸው ምጽዋ በባሕር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ኋላም አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥተውም ካቻቢቴ ከእጃቸው አይለይም። ሁለተኛዋ ባገኘችው የዕረፍት ቀን ሁሉ ባሕር ውስጥ የምትገባ ወጣት ጠላቂ ናት። ጠረጴዛው ላይ ከፍሳሽ ቱቦ የተሠራ የካሜራ ሳጥን፣ የድሮ ባለ ካሴት ቪዲዮ ካሜራ እና ከአሮጌ መኪና የተነቀለች ትንሽ ስክሪን አሉ።

ጠላቂዋ፦ ጋሼ፣ ሥራው ቀላል ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ይቺን ስክሪን ከካሜራው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

ጠጋኙ፦ ማገናኘቱማ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ከካሜራው የምትወጣው ቢጫ ሽቦ እዚህ ትሰካለች፣ ባትሪ ይሰጣታል፣ ምስል ይመጣል። ካሜራው በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው የሚሠራው፣ ስክሪኗም ፓል ታውቃለች። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። እስቲ እስካሁን በምን እያየሽ እንደምትቀርጪ ንገሪኝ።

ጠላቂዋ፦ ከሳጥኑ አናት ላይ ባሰርኳት የሽቦ ፍሬም። ዓሣው ፍሬሟ ውስጥ ከገባ ካሜራው ውስጥም ገብቷል ብዬ እገምታለሁ። የካሜራው የራሱ ስክሪን ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ መዘርጊያ የለውም። የዓይን ማያው ደግሞ ከኋላው ክዳን ገባ ብሎ ነው ያለው። የኔ ዓይን ማስክ ውስጥ፣ እሱ ሳጥን ውስጥ፤ በመካከላችን መስተዋት፣ ውሃ፣ ፕሌክሲግላስ፣ አየር። የምትታየኝ የምስማር ራስ የምታህል ብርሃን ናት።

ጠጋኙ፦ ፍሬሟን የት ሆነሽ ለካሻት?

ጠላቂዋ፦ ቤት፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሰቅዬ።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ውሃ ውስጥ ስትዋሽሽ ነው የከረመችው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር በጠፍጣፋ መስኮት ሲገባ ይታጠፋል። አየር ላይ 50 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ውሃ ውስጥ የሚያየው 37 ዲግሪ ያህል ነው። ሁሉም ነገር በሲሶ ገዝፎ፣ ቀርቦም ይመጣል። ስለዚህ ፍሬሟ ውስጥ ሙሉውን የምታይው ዓሣ ካሴቱ ላይ ጭራው ተቆርጦ ይገኛል። በዚያ ላይ ፍሬሟ ከሌንሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሩቅ ላለ ነገር ግድ የለም፤ ግማሽ ሜትር ላይ ላለ ነገር ግን እሷ ጀርባውን ታያለች፣ ሌንሱ ሆዱን።

ጠላቂዋ፦ ለዚህ እኮ ነው ስክሪን የፈለግሁት። ስክሪኗ የምታሳየኝ ሌንሱ ያየውን ነው፤ ውሃው ካጠፈው በኋላ።

ጠጋኙ፦ ልክ ነሽ። ግን ለምን ይህን ሁሉ ትደክሚያለሽ? ያቺ ሰዉ ሁሉ ግንባሩ ላይ የሚያስራት፣ ከነስክሪኗ የምትሸጥ ትንሽ ካሜራ አለች አይደል?

ጠላቂዋ፦ እሷ ሰፊ ነው የምታየው። ባሕሩን በሙሉ ታሳያለች፣ አንዱን ነገር ለይቶ ማሳየት ግን አይሆንላትም። እኔ በየወሩ የምቀርጸው አንድ የኮራል ጉብታ ነው። ያው ጉብታ፣ ከያው ርቀት፣ በያው ማዕዘን። ተመራማሪዎቹ የዚህ የሰሜኑ ጫፍ ኮራል ከሌላው ቦታ ኮራል ይልቅ ሙቀት ይችላል ይላሉ። እኔ ደግሞ በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ፤ ዘንድሮ ነጥቷል ወይስ አልነጣም፣ ያቺ በግራ በኩል ያለችው ቅርንጫፍ አድጋለች ወይስ ተሰብራለች። ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ፍሬሙ ካልገጠመ ምኑን ከምኑ አወዳድረዋለሁ? ይህ አሮጌ ካሜራ ዙም አለው፣ በቅርብም ያተኩራል።

ጠጋኙ፦ በቂ ምክንያት ነው። እኔ ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

ጠላቂዋ፦ ሌላም አለ። ካሜራው እየቀረጸ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም። መቅጃው ያው አንድ ቁልፍ ነው፤ አንዴ ሲጫኑት ይጀምራል፣ አንዴ ሲጫኑት ያቆማል። በጓንት አንድ ጊዜ አስበልጦ የተጫነ ሰው ዓሣው ሲመጣ አቁሞ፣ ዓሣው ሲሄድ ጀምሮ፣ የራሱን እግር ሲቀርጽ ይውላል። ደግሞ ካሴት ገብቶ ሳይቀርጽ 5 ደቂቃ ያህል ከቆየ ካሴቱን ለመጠበቅ ብሎ ራሱን ያጠፋል። ውሃ ውስጥ ይህን የሚነግረኝ የለም።

ጠጋኙ፦ እንግዲህ ከስክሪኗ ዋናው ጥቅም ምስሉ ሳይሆን ጥግ ላይ የምትበራው ቀይ ጽሑፍ ናት ማለት ነው። ያቺ ደግሞ እንዲሁ አትመጣም። ይህ ዓይነት ካሜራ በሜኑው ውስጥ ዲስፕሌይ የሚል መስመር አለው። ኤልሲዲ በሚለው ላይ ከተተወ ጽሑፉን ለራሱ ስክሪን ብቻ ያስቀራል፤ በሽቦው የሚወጣው ምስል ንጹሕ ይሆናል። ቪ-አውት የሚለውን ጨምረሽ መምረጥ አለብሽ። ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ ብታስታውሽው ዋጋ የለውም።

ጠላቂዋ፦ ይህንን ማን ነገረዎት?

ጠጋኙ፦ ሰርግ ቀራጮች። ሙሽራዋ ፊት ላይ ቀይ ጽሑፍ ተቀርጾ መጣ ብለው ሲጣሉ እኔ ጋ ነበር የሚመጡት። አንቺ ከነሱ የተገላቢጦሽ ነው የፈለግሽው። በይ አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የት ልታስቀምጫት አሰብሽ?

ጠላቂዋ፦ ከውጭ። ለብቻዋ ትንሽ ሳጥን ተሠርቶላት፣ ከትልቁ ሳጥን አናት ላይ በማጠፊያ ትቀመጣለች። ሽቦው ከዚህ ወጥቶ እዚያ ይገባል። ወደ ፈለግሁት አቅጣጫ አዞራታለሁ፤ ትልቅ ስክሪንም ማድረግ ይቻላል።

ጠጋኙ፦ አይሆንም።

ጠላቂዋ፦ ገና ሳይሰሙኝ?

ጠጋኙ፦ ሰምቼሻለሁ። ቁጠሪያቸው። ትልቁ ሳጥን ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ትንሹ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ የትንሹ ክዳን አንድ መጋጠሚያ፣ በመካከል አንድ ሽቦ፤ ሽቦው ራሱ ደግሞ ልባሱ ከተሰነጠቀ በውስጡ ውሃ እንደ ቧንቧ ያስተላልፋል። አሁን ሳጥንሽ ላይ የሚያስጨንቁሽ ሁለት ክዳኖችና አንዲት የመቆጣጠሪያ ቀዳዳ ናቸው። በአንድ ስክሪን ምክንያት የሚያፈስበትን ቦታ እጥፍ ልታደርጊው ነው። እኔ ድፍን ዕድሜዬን ፒክቸር ቲዩብ ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። አየሩ ተመጦ የወጣለት ብርጭቆ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። 40 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ የቴሌቪዥን ፊት ላይ፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና በሚያሳይበት ሰዓት፣ የክፍሉ አየር ብቻውን ከአንድ ቶን በላይ ይጫነዋል። ብርጭቆው ወፍራም የሆነው ለዚያ ነው። አንገቱ ላይ ካቻቢቴ የወደቀበት ቲዩብ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ሳጥን በዋዛ አይበሳም።

ጠላቂዋ፦ ባሕር ውስጥ ደግሞ በየ10 ሜትሩ ያንኑ ያህል ይጨመርበታል።

ጠጋኙ፦ ጎሽ። ስንት ትወርጃለሽ?

ጠላቂዋ፦ ጉብታው 12 ሜትር ላይ ነው። ግን ሳቲል ጋም መውሰድ እፈልጋለሁ፤ በፈረንጆቹ 1994 ሆን ብለው ያሰመጧት የባሕር ኃይል ጀልባ። እሷ 25 ሜትር አካባቢ ናት።

ጠጋኙ፦ 25 ሜትር እንበል። የኋላው ክዳን ስፋቱ 16 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ወደ 200 ስኩዌር ሳንቲሜትር። በእያንዳንዱ ላይ 2 ኪሎ ተኩል ስታሳርፊበት 500 ኪሎ ይመጣል። አምስት ኩንታል ጤፍ ይቺ ክዳን ላይ ተደርድሮ ማለት ነው። ክዳኑ ስንት ሚሊሜትር ነው?

ጠላቂዋ፦ 12።

ጠጋኙ፦ ይችላል። ግን ቀጥ ብሎ አይችልም፤ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው መሐሉ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይገባል። አንድ ሚሊሜትር ለክዳኑ ምንም አይደለም፤ ለስክሪን ግን ሞት ነው። ኤልሲዲ ማለት በሁለት ስስ ብርጭቆ መካከል የተያዘ ፈሳሽ ነው። በጣትሽ ጫን ስታደርጊው ጥቁር ደመና የሚወጣበት ለዚህ ነው። ስክሪኗን ከክዳኑ ጋር አጣብቀሽ ብታስቀምጫት 25 ሜትር ላይ ክዳኑ ራሱ ይጫናታል።

ጠላቂዋ፦ ስለዚህ ከውጭ ይሁን የምለው!

ጠጋኙ፦ ከውጭ ያለውም ክዳን አለው እኮ። እሱስ አይጎብጥም?

ጠላቂዋ፦ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ነው የሚጎብጠው። ጋሼ፣ ከውጭ ያልኩት ለምቾት ብቻ አይደለም። ሌላ ችግር አለ፤ እሱን ደግሞ እኔ ልንገርዎት፣ ውስጡ ስለምገባበት። ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደ አየር ያለበት ሳጥን በጠፍጣፋ መስኮት የሚመለከት ሰው ፊት ለፊት ካልሆነ አያይም። ትንሽ ዘወር ሲል ያያል፣ ትንሽ ጨምሮ ሲዞር ያያል፣ ከዚያ ድንገት መስኮቱ መስተዋት ይሆንበታል። ብርማ ይሆናል፤ የሚያየው የራሱን የአየር አረፋ ነው። 48 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው ድንበሩ።

ጠጋኙ፦ ስክሪኗን ወደ መስኮቱ ብናስጠጋትስ?

ጠላቂዋ፦ ለውጥ የለውም። በመካከል አየር እስካለ ድረስ አንድ ሚሊሜትርም ይሁን አንድ ክንድ ያው ነው።

ጠጋኙ፦ ውስጥ ላይ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አድርገን ብናስቀምጣትስ? አንቺ ከላይ ሆነሽ እንድታያት።

ጠላቂዋ፦ እሱም አይሆንም። መዞር ያለበት መስኮቱ ነው። መስኮቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስክሪኗ ብትቀና መስተዋቱ አይጠፋም። መስኮቱን ለማጋደል ደግሞ ቱቦውን በሰያፍ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው፤ ያኔ አፉ እንቁላል ቅርጽ ይሆናል፣ ማሸጊያው የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉም፣ በትክክል አይቀመጥም። ለዚህ ነው በማጠፊያ የምትዞር የውጭ ስክሪን ያልኩት። ድንጋይ ሥር የገባ ኦክቶፐስ ስቀርጽ ካሜራው አሸዋው ላይ ነው፣ ጭንቅላቴ ከላይ። ከኋላ ጎንበስ ብዬ ፊት ለፊት ላየው ብሞክር ጉልበቴ ኮራሉን ሰበረው ማለት ነው።

ጠጋኙ፦ ይህንንስ አላሰብኩትም ነበር። ሳሎን ያለ ቴሌቪዥን እንዲህ አያደርግም።

ጠላቂዋ፦ ሰዓት ላይም አለ። ዚን የሚባሉ የጀርመን ሰዓት ሠሪዎች ለጠላቂ የሚሠሩት ዩኤክስ የተባለ ሰዓት አላቸው፤ ውስጡን አየር ሳይሆን ዘይት ሞልተውታል። በየትኛውም ማዕዘን ብታየው ይነበባል፣ ግፊትም አይፈራም፤ ፈሳሽ አይጨመቅማ። የውጭዋን ሳጥን ዘይት ብንሞላትስ ብዬ አስቤ ነበር።

ጠጋኙ፦ ሰዓት ላይ ያምራል። ሰዓት ማለት ሰሌዳና ቆጣሪ ነው። ይቺን ግን ልክፈታትና ተመልከቺ። ከብርጭቆው ጀርባ እነዚህ ነጫጭ ስስ ወረቀቶች ይታዩሻል? አራት ናቸው። ብርሃኑን የሚበትኑት፣ የሚያቀኑት እነሱ ናቸው፤ ሥራቸውን የሚሠሩት በመካከላቸው አየር ስላለ ነው። ዘይት ከገባባቸው ብርሃኑ እዚህ ደምቆ እዚያ ይጠፋል፤ ስክሪኗ የዘይት ጠብታ የነካው ጋዜጣ ትመስላለች። ደግሞ ይቺ ርካሽ ስክሪን ናት፤ በጎን ያየሻት እንደሆነ፣ በተለይ ከሥር፣ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ይሆናል። መስኮቱ ቢፈቅድልሽ እንኳ ስክሪኗ አትፈቅድም። የምታጪው ማዕዘን እንግዲህ መጀመሪያውኑ ያልነበረሽ ነው።

ጠላቂዋ፦ የተሻለ ስክሪን ይገዛል።

ጠጋኙ፦ ይገዛል። ቀዳዳው ግን አይገዛም። እስቲ የምትሠሪውን ሥራ ለይተሽ ንገሪኝ። ጉብታውን ስትቀርጪ የት ነሽ?

ጠላቂዋ፦ ፊት ለፊቱ። ተንሳፍፌ፣ ካሜራውን በሁለት እጄ ደረቴ ፊት ይዤ።

ጠጋኙ፦ ታዲያ መስኮቱ ፊት ለፊትሽ ነዋ። 48 ዲግሪሽ ትርፍ ነው። በየወሩ የሚሠራው ሥራ ይህ ከሆነ ሳጥኑ ለዚህ ይሠራ። ለኦክቶፐስሽ እንደ ድሮሽ በሽቦ ፍሬም ገምቺ፤ እሱም ቢሆን መቀረጹን የጠየቀ አይመስለኝም።

ጠላቂዋ፦ ለኦክቶፐሱ አልራሩለትም።

ጠጋኙ፦ ለሳጥኑ ነው የምራራው። እኔ ምጽዋ እያለሁ ከአለቆቻችን አንዱ የነገረን ነገር አለ። በ1951፣ በፈረንጆቹ ነው የምልሽ፣ አፍሬይ የተባለች የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ 75 ሰው ይዛ በእንግሊዝና በፈረንሣይ መካከል ባለው ባሕር ውስጥ ቀረች። ሁለት ወር ፈለጓት። ታች የተኛች ብረት ሲያገኙ እሷ ትሁን ሌላ ማወቅ ነበረባቸው፤ ቦታው ከ80 ሜትር በላይ ጥልቅ ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ በብረት ሳጥን አድርገው በገመድ አወረዱና ስሟን ከላይ ሆነው ስክሪን ላይ አነበቡት። ልብ በይ፤ ካሜራው ነው የወረደው። ስክሪኑ መርከቧ ላይ፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ነበር። አንቺ ስክሪኑንም ተመልካቹንም አብረሽ ልታወርጂ ነው።

ጠላቂዋ፦ በዚያ ሂሳብ ከሆነ ጥንት የነበሩት ጭራሽ ምንም ሳያዩ ነው የሠሩት። ሉዊ ቡታን የሚባል ፈረንሣዊ የባሕር ተመራማሪ በ1893 ባንዩል በሚባል የባሕር ዳር ከተማ ውሃ ውስጥ ፎቶ ሲያነሳ ሳጥኑን የነደፈለት ወንድሙ ነበር። ያነሳውን ለማየት ምስሉ ያረፈበት መስተዋት በኬሚካል እስኪታጠብ መጠበቅ ነበረበት።

ጠጋኙ፦ ጣልያኖቹም እንዲሁ ነበሩ። በ1952 እና 53 ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጥተው የቀረጹት። ሴስቶ ኮንቲኔንቴ የሚባለው የፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልም ከዚያ ነው የወጣው። ምን እንደያዙ ያወቁት ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነው። እኛ ግን እንዲያው ስንነታረክ ባትሪውን ረሳነው። ስክሪኗ 12 ቮልት ትላለች።

ጠላቂዋ፦ የካሜራው ባትሪ 7 ነጥብ 2 ነው። አይበቃትም አይደል?

ጠጋኙ፦ ሊበቃት ይችላል። የመኪና ዕቃ ስለሆነች ነው 12 የተጻፈባት። ብዙዎቹ ውስጣቸው 12ቱን ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች የሚያወርድ ቺፕ አላቸው። በቴስተር እናያለን፤ ቮልቱን ቀስ እያልኩ ስቀንስ የት ላይ እንደምትጠፋ። 6 ላይ እንኳ ከበራች በሁለት ሊቲየም ትሠራለች። ካልሆነ ሦስት እንደረድራለን። የምትበላው ሩብ አምፔር ገደማ ነው፤ ባለ 2,000 ሚሊአምፔር ባትሪ ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በላይ ይበቃታል። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ሳጥኑ እንደታሸገ ውስጡ ያለውን ባትሪ ቻርጅ እንዳታደርጊ። ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ከውጭ የሚገፋው ውሃ ከሌለ ክዳኑ ወደ ፊትሽ ነው የሚመጣው።

ጠላቂዋ፦ እሺ። ይቺ ስክሪን ላይ ያሉት ቀይና ቢጫ መስመሮች ግን ምንድን ናቸው?

ጠጋኙ፦ የፓርኪንግ መስመር! ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አጥሩ ስንት እንደቀረው የሚያይባቸው። ይቺኛዋ እራሷ ናት የምትሥላቸው፤ የምትቆረጥ ሽቦ አለቻት። ወይም ተያቸው፤ ዓሣውን ፓርክ ታደርጊበታለሽ።

ጠላቂዋ፦ ቢቆረጡ ይሻላል። በምትኩ ቀጭን መስመር በማርከር እሥልባታለሁ፤ የጉብታው ጫፍ ባለፈው ወር የደረሰበት ቦታ ላይ።

ጠጋኙ፦ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። የምትሥይው ግን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ስክሪኗ ላይ ይሁን። ክዳኑ ላይ ከሆነ አንገትሽን ባዞርሽ ቁጥር መስመሩ ከምስሉ ላይ ይንሸራተታል።

ጠላቂዋ፦ ቀለሙንም በሷ አስተካክላለሁ። 12 ሜትር ላይ ቀይ የለም፤ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ነጭ ሰሌዳ ይዤ እወርዳለሁ፣ እሷን አሳይቼው ካሜራው ነጩን እንዲያውቅ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ስክሪኗ ላይ ቀለሙ ሲመለስ አያለሁ።

ጠጋኙ፦ ቁልፉን ተጫኚ፣ ሰሌዳሽንም ያዢ። ስክሪኗን ግን አትመኚያት። ከመኪና የወጣች ስክሪን ቀለም አታውቅም፤ ይቺ በተፈጥሮዋ ወደ ሰማያዊ ታደላለች። አንቺ ሰማያዊው በዛ ብለሽ ስታስተካክይ ቤት ስትደርሺ ኮራሉ ብርቱካን ሆኖ ታገኚዋለሽ። ብርሃኑም እንደዚያው ነው። ጨለም ያለ ቦታ ስትገቢ ስክሪኗ ዓይንሽ ላይ ታበራለች፣ ምስሉ የነጣ ይመስልሻል፣ ታጨልሚዋለሽ። ትኩረትስ? ይቺ ስክሪን ያላት 320 በ240 ነጥብ ነው። ካሴቱ ላይ የሚቀረጸው 720 በ576። አምስት ነጥብ ሲቀረጽ አንዱን ብቻ ነው የምታሳይሽ። በሷ ላይ ጥርት ብሎ የታየሽ ሁሉ ካሴቱ ላይ ጥርት አይልም።

ጠላቂዋ፦ እንዲህ ከሆነ ምን ትሠራልኛለች?

ጠጋኙ፦ ጉብታው ፍሬሙ ውስጥ መሆኑን፣ ካሜራው እየቀረጸ መሆኑን፣ ባትሪና ካሴት ስንት እንደቀረሽ ትነግርሻለች። ይህ ትንሽ ነው? ሰርግ ቀራጮቹ ከዚህ ያነሰ መረጃ ይዘው ድንኳን ሙሉ ሰው ይቀርጹ ነበር።

ጠላቂዋ፦ ልክ ነዎት። እውነቱን ለመናገር እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ስክሪን የያዘ ጠላቂ ሌላ ነገር አያይም። አብረውኝ ከሚጠልቁት ውስጥ ዓሣ ተከትሎ፣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ፣ ሳያውቀው 6 እና 7 ሜትር የሚወርድ አለ። ሳቲል ላይ በተራ አየር የወረደ ሰው ሲወጣ መንገድ ላይ ማረፍ ሳያስፈልገው የሚቆይበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ወደ ጥልቀት መለኪያው ጌጅ ማየት የረሳ ሰው ከዚያ ያልፋል።

ጠጋኙ፦ ታዲያ ጌጁ የት ነው ያለው?

ጠላቂዋ፦ እጄ ላይ፣ እንደ ሰዓት።

ጠጋኙ፦ አውልቂውና ሳጥኑ ላይ፣ ከመስኮቱ ጎን እሰሪው። ዓይንሽ ወደሚሄድበት ይሂድ።

ጠላቂዋ፦ ሳጥኑ ከእጄ ቢወድቅስ?

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ሁለት ይሁን። አንዱ እጅሽ ላይ፣ አንዱ ሳጥኑ ላይ።

ጠላቂዋ፦ ይህን ደግሞ የሚከፍለው ማን ነው?

ጠጋኙ፦ ከእርሳስሽ ሽያጭ። ሳጥንሽ ውስጥ ስንት እርሳስ አለ?

ጠላቂዋ፦ እንዳይንሳፈፍ ብዬ ብዙ ጨምሬበታለሁ። ርዝመቱ 35 ሳንቲሜትር ነው፣ 7 ሊትር ውሃ ይገፋል። እንግዲህ ከነካሜራው 7 ኪሎ ከምናምን ካልመዘነ ወደ ላይ ይጎትተኛል።

ጠጋኙ፦ ይኸውልሽ፤ ስክሪኗ ከውስጥ ስትሆን ሳጥኑ የሚገፋው ውሃ አይጨምርም፤ ያው 7 ሊትር ነው። ስክሪኗና ባትሪዋ የሚመዝኑትን ያህል እርሳስ አውጥተሽ ትጥያለሽ። ከውጭ ብትሆን ግን ሳጥኗ በአየሯ ወደ ላይ ስትጎትት ለሷ ደግሞ ሌላ እርሳስ ትፈልጊ ነበር። ከታች አስቀምጫቸው፤ ባትሪውንም እርሳሱንም። ከባዱ ታች፣ አየሩ ላይ ሲሆን ሳጥኑ ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጠላቂዋ፦ በቃ፣ ከውስጥ ይሁን። እንዴት ነው የምንይዛት?

ጠጋኙ፦ ከክዳኑ 3 ሚሊሜትር ራቅ ብላ። አንዱን ሚሊሜትር ክዳኑ ሲጎብጥ ይወስደዋል፣ ሁለቱ የኛ ነው። ከጀርባዋ ስፖንጅ፣ ምናልባት ከነካት ወደ ኋላ እንድትሸሽ። ዙሪያዋን በጥቁር ቴፕ እንሸፍናለን፤ ካለዚያ ብርሃኗ በሳጥኑ ውስጥ ዞሮ የፊቱ መስኮት ላይ ያንጸባርቅና ሌንሱ ራሱን ሲያይ ይውላል። ክዳኑን ስታጸጂ አልኮል እንዳታስነኪው፤ ፕሌክሲግላስ በአልኮል እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ በኋላም ግፊት ሲያገኘው ከዚያው ይጀምራል። ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ኦሪንጉን አውጥተሽ በጣትሽ ዙሪያውን ዳስሺ፤ አንዲት ፀጉር፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካገኘሽ ጠርገሽ፣ ግራሶ እንዲያብለጨልጭ ያህል ብቻ ቀቢ። በግራሶ ብዛት አይታሸግም፤ ግራሶው አሸዋ ነው የሚሰበስብልሽ።

ጠላቂዋ፦ ጤዛውስ? ክረምት ላይ ባሕሩ 21 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስክሪኗ ደግሞ ታሞቃለች።

ጠጋኙ፦ ጤዛ የሚሠራው ውስጥ የተዘጋው እርጥበት ነው። ባሕሩ ዳር፣ እርጥብ ፀጉርሽ እየተንጠባጠበ አትዝጊው። እዚህ በረሃ ላይ እንደምንኖር አትርሺ፤ ጠዋት ቤት ውስጥ ዝጊው፣ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ጣይበት።

ጠላቂዋ፦ ታዲያ ነገ ይዤው ልግባ?

ጠጋኙ፦ ማንን? መጀመሪያ ባዶው ይገባል። ካሜራም ስክሪንም ሳይኖር፣ ውስጡን ደረቅ ሶፍት ሞልተሽ፣ በገመድ ከጀልባ 30 ሜትር አውርጂው። ድንጋዩን አሳንሰሽ እንዳታስሪ፤ ባዶውን ሳጥን 3 ኪሎ ብንለው 4 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይጎትታል፣ ድንጋይ ራሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይቀላል። 8 ኪሎ እሰሪ። ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ጠላቂዋ፦ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ቢወጣ?

ጠጋኙ፦ ስክሪኗ ለብቻዋ ከባትሪዋ ጋር ትወርዳለች። ምስል ስለማይመጣላት ሰማያዊ ሆና ትበራለች፤ አንቺም አብረሽ ወርደሽ በስንት ዲግሪ እንደምትጠፋ አይተሽ ትመጫለሽ። ካሜራው ሦስተኛ ነው።

ጠላቂዋ፦ ስክሪኗ ብትረጥብስ?

ጠጋኙ፦ እሷን ከሌላ አሮጌ መኪና እንነቅላለን። እንዲህ ያለ ባለ ካሴት ካሜራ ግን ማንም ሠርቶ አይሸጥልሽም።